ከጥምቀት እስከ ቅበላ፤ ጎተራንና ጋጥን ከአራዊት ስለ መጠበቅ

(በተፍኪ ለተሰበሰቡ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በአንድ አጥቢያ የልማት ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)




የዛሬው ርእሳችን አይጥ፣ ሸለምጥማጥና ጅብ ነው። በዚህ አዳራሽ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጤና ጣቢያ ሲነገር ለለመደ ጆሮ ነገሩ ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል። እኛም እስከ አምና ድረስ እንደዚያው እናስብ ነበር።

አምና በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት በአጥቢያችን የሚኖሩ፣ ባል የሞተባቸው አንዲት እናት ያለቻቸውን አንዲት አህያ ጅብ በላባቸው። በዚያች አህያ ውኃ ይቀዱ፣ እህል ወደ ወፍጮ ይጭኑ ነበር፤ በገበያ ቀንም ለጎረቤት አከራይተው ለልጆቻቸው የደብተርና የሳሙና መግዣ ያገኙባት ነበር። ጅቡ ግድግዳ አላፈረሰም፤ ጣሪያም አልነቀለም። የጋጡ መዝጊያ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር፤ መቀርቀሪያው ከተሰበረ ሰንብቶ በገመድ ታስሯል። አንድ ጊዜ ገፋው፤ ገባ።

በማግሥቱ ልናጽናና ሄድን፤ ከየኪሳችንም ጥቂት አዋጣን። ስንመለስ ከመካከላችን አንድ አረጋዊ ካህን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእኛ ነው እንዴ?» አሉ። ያን ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም። በዚያው ሳምንት ቤት ለቤት እየዞርን ጋጡን፣ ጎተራውን፣ የዶሮ ቤቱንና የቤተ ክርስቲያናችንን ዕቃ ቤት ተመለከትን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ዙረት የተማርነውን፣ ኋላም ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀንና ከጥናት አንብበን ያገኘነውን ነው።

ነገሩን ከጅቡ እንጀምር። ጅብ፣ ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛ ወራቤሳ የሚሉት፣ በሰው አጠገብ ሲኖር ብዙውን ጊዜ የሚበላው የሰውን ትራፊ ነው፤ የልኳንዳ አጥንት፣ ከእርድ የቀረ አንጀት፣ መንገድ ዳር የተጣለ በድን። ጾም ሲገባ ልኳንዳው ይዘጋል፤ በየቤቱም እርድ ይቀራል። ጅቡ ግን አይጾምም። በዚህ ጉዳይ ላይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በትግራይ ጥናት አድርገው በ2012 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ተመራማሪዎቹ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ 55 ቀናትና ከጾሙ በኋላ የጅብ ዐይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘው ጠጉር የየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ መረመሩ። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጉር ድርሻ 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ጊዜ ወደ 33.1 በመቶ ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ።

ይህን ስናነብ አንዳንዶቻችን ደነገጥን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ጾማችንን ለመንቀፍ የተጻፈ መሰለን። አይደለም፤ ጥናቱ የሚናገረው ስለ ጅብ ምግብ ነው። ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ሰጠን፤ ቀን ሰጠን። ጾሙ የሚገባበትን ቀን ካወቅን ጅቡ ፊቱን ወደ ጋጥ የሚያዞርበትንም ወራት እናውቃለን። ባሕረ ሐሳብ የምታውቁ አባቶች እንደምታስተምሩን ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 አይቀድምም፤ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ስለዚህ ጾሙ እጅግ በሚቀድምበት ዓመት በጥምቀትና በጾሙ መግቢያ መካከል ያለው 20 ቀን ብቻ ነው፤ እጅግ በሚዘገይበት ዓመት 54 ቀን ይሆናል። በተፍኪ ሜዳ የተወቃው ጤፍ ወደ ጎተራ የሚገባው፣ ሽምብራውም የሚከተለው በዚሁ ሰሞን ነው። ሥራ የሚበዛበት ጊዜ እንጂ ዕረፍት አይደለም፤ ቢሆንም በርና ግድግዳ ለማደስ ከዚህ የተሻለ ቀን አላገኘንም።

አይጥም በዚያው ሰሞን ይመጣል። ሰብሉ ማሳ ላይ ሳለ በማሳው ይኖራል፤ ሰብሉ ሲታጨድ ምግቡንም መጠለያውንም ያጣና ወደ ክምር፣ ከክምር ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎተራ ይከተለናል። በአገራችን ማሳዎች ከሚገኙት የአይጥ ዓይነቶች የአንዱ እንስት እስከ 24 ጡት አላት፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ እርግዝና በኋላ ዐሥርና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። ይህን ያወቀ ሰው አይጥን በመግደል ብቻ እጨርሰዋለሁ አይልም።

እዚህ ላይ የተፍኪ ነገር ለየት ይላል፤ ምክንያቱ አፈሯ ነው። ጥቁሩ አፈር፣ ኮትቻው፣ በክረምት ዝናብና በአዋሽ ሙላት ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ የሚያስገባበት ቦታ አለ። የቤቱ ምሰሶ ከአፈሩ ጋር ይነሣል፣ ከአፈሩ ጋር ይቀመጣል፤ በኅዳር የተለሰነ ግድግዳ በየካቲት ተሰንጥቆ ይገኛል፤ በመዝጊያውና በደፉ መካከልም ያልነበረ ክፍተት ይከፈታል። አይጥ ወደ ቤት በሚመጣበት ወራት ምድሩ ራሱ መንገድ ጠርጎ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ትንሿ አይጥ እርሳስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይበቃታል፤ ትልቁ አይጥ ከአውራ ጣት ባልበለጠ ክፍተት ያልፋል። ደጋ ላይ ቀይ አፈር ያላቸው ወገኖቻችን ጎተራቸውን እንደ ሠሩት እኛም ብንሠራ እኩል የማይሆንልን በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገር። የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት የመገበሪያ ስንዴ፣ ጧፍ፣ ዕጣንና አልባሳት የሚቀመጥበት ነው። አይጥ ስንዴውን መብላቱን እንደ ልማድ ቆጥረነው ነበር፤ ጧፉን ሲበላና የአንድ ካባ ጠርዝ ሲቆርጥ ግን ኮሚቴው ተሰበሰበና በአንድ ድምፅ መርዝ እንዲገዛ ወሰነ። ከገበያ የተገዛው ዱቄት በላስቲክ የተቋጠረ ነበር፤ ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ከቂጣ ጋር ለውሰን በየማእዘኑ አኖርን። በሦስተኛው ቀን የሞቱ አይጦች ተለቀሙ፤ ደስ አለን። በሳምንቱ የዲያቆኑ ድመት ሞተች። ቀጥሎ የጥበቃው ውሻ። በዚያ መካከል አንድ ትንሽ የአብነት ተማሪ የተመረዘውን ቂጣ አንሥቶ በእጁ ይዞ ሳለ መሪጌታችን ደርሰው ቀሙት። ያን ልጅ እስከ ዛሬ ባየነው ቁጥር ዐይናችንን እንሰብራለን።

ሁለት ወር ሳይሞላ አይጡ ተመለሰ፤ እንዲያውም በዛ። ለምን እንደ ሆነ አሁን ይገባናል። ቀዳዳው አልተደፈነም፤ ስንዴው አልተከደነም፤ አዳኟ ድመት ግን የለችም። በአንድ ቤት የሞተውን አይጥ የጎረቤቱ አይጥ ይተካዋል።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ልማድ አለ፤ ስለ እርሱ ካህናት በየቤቱ እንድትናገሩልን እንለምናለን። ብዙ ቤተሰብ ጎተራውን አይጥና ሌባ ስላስመረረው እህሉን በጆንያ አድርጎ በመኝታ ክፍሉ ያስቀምጣል። ከዚያ ነቀዝ ሲገባበት አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለውን እንክብል በጆንያው መካከል ይጥላል። ይህ እንክብል እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ያ ጋዝ ነው። ጋዙ ጆንያውን አልፎ በተዘጋ ክፍል ይሞላል፤ በዚያ የተኛውን ሰው ከነቀዙ ለይቶ አያውቅም። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። እንክብል የገባበት እህል ባለበት ክፍል ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ፈጽሞ ሊተኛ አይገባም። እኛ የጎተራን ነገር አጥብቀን የያዝነው ለእህሉ ብቻ አይደለም፤ ጎተራው የሚታመን ከሆነ ጆንያው ከመኝታ ክፍል ይወጣል።

ለጅብ መርዝ ማስቀመጥንም በሚመለከት አቋማችን ግልጽ ነው፤ አይደረግ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን መግደል በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርም መርዝ የተነከረ ሥጋ ጅቡን መርጦ አይገድልም፤ የእረኛውን ውሻና ጥንብ አንሣውን ይገድላል፤ በአፍሪካ ጥንብ አንሣዎች ከተመናመኑባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። ጅብ ደግሞ የሚሠራው ሥራ አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በመቀሌና በዙሪያዋ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚያህል የእንስሳት በድንና ትራፊ እንደሚያነሡ፣ በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ ገምቷል። ሐረሮች ለጅብ በጀጎል ግንብ ሥር መግቢያ ቀዳዳ ትተውለታል፤ በሌሊት ገብቶ ጎዳናውን ያጸዳል። ነገር ግን የሰጡት ጎዳናውን ነው፤ ጋጡን አልሰጡትም።

እንግዲህ ጋጡን እንዴት እንዝጋ? በዙረታችን ካየናቸው ጋጦች በአብዛኞቹ ግድግዳው ደኅና ነበር፤ ችግሩ በሩ ላይ ነው። መዝጊያ ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደርጎ ይሠራ። ወደ ውስጥ የሚከፈት መዝጊያ ከውጭ ሲገፋ የሚይዘው መቀርቀሪያው ብቻ ነው፤ መቀርቀሪያው ከላላ ነገሩ አበቃ። ወደ ውጭ የሚከፈተው ግን ከመቃኑ በስተ ውጭ ስለሚያርፍ ጅብ በገፋው ቁጥር መቃኑ ላይ ይጫናል። ይህን አንድ አናጢ አባል ሲያስረዳን እንዴት እስከ ዛሬ ሳናስበው ቀረን ብለን ተያየን። መቀርቀሪያው ከላይና ከታች ሁለት ይሁን። ከደፉ ፊት ለፊት ሰፋፊ ድንጋይ ይነጠፍ፤ ቆፍሮ እንዳይገባ። መስኮቱን በጭቃ መድፈን ግን ስሕተት ነው፤ የታፈነ ጋጥ ጥጃን በሳል ይጨርሳል። ጠንካራ የሽቦ መረብ ይመታበት።

ከብት ውጭ በበረት የሚያሳድር ሰው አጥሩን ይመልከት። የደረቀ እሾህ በየዓመቱ ይበሰብሳል፤ በየዓመቱም ዛፍ ያስቆርጣል። በታንዛኒያ የማሳይ አርብቶ አደሮች ሲተከል ሥር የሚሰድ የዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ምሰሶ አሰልፈው በላዩ የሽቦ መረብ በመወጠር ከብቶቻቸውን ከአንበሳና ከጅብ ይጠብቃሉ። እኛም ኮርች አለን፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይጸድቃል። ሽቦው ውድ ነው፤ ኮርቹ ግን ከጎረቤት የሚለመን ነው።

የጎተራው ነገር ከዚህ ይረቃል። ጎተራ ከመሬት ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባሉ እግሮች ላይ ይቁም፤ አይጥ ዘልሎ እንዳይደርስበት። እግሮቹ የሚተከሉበት ጉድጓድ ጥቁሩ አፈር ወጥቶለት በድንጋይና በገረጋንቲ ይሞላ፤ አለዚያ በሁለተኛው ዓመት ጎተራው ያዘነብላል። በእያንዳንዱ እግር ላይ፣ ከጎተራው ወለል ሥር፣ የቆርቆሮ ባርኔጣ ይደፋበት፤ ክንፉ ከእግሩ ዙሪያ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውጣ። አይጥ እግሩን ወጥቶ ከባርኔጣው ሥር ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። ለዚህ አዲስ ቆርቆሮ መግዛት አያሻም፤ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተከፍቶ ይበቃል። በእግሩና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት እንዳይቀር ግን በደንብ ይታይ። ጎተራው ከግድግዳና ከዛፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

ይህን ሁሉ በሚገባ ያሟላ አንድ ጎተራ አይተናል። ባለቤቱ ታታሪ ሰው ናቸው፤ ባርኔጣውንም ራሳቸው ቆርጠው አበጅተዋል። ነገር ግን መሰላሉ ጎተራው ላይ ተደግፎ፣ ሞፈርና መንሹም አጠገቡ ቆመው ነበር። አይጡ በመሰላሉ ይወጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ቆርቆሮው አይረባም» ሲሉ ኖረዋል።

ነቀዝን የሚከላከለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በአካባቢያችን እየተለመደ መምጣቱ ደስ ያሰኛል፤ አየር ስለማያስገባ ያለ መድኃኒት ነቀዙን ያፍናል። የአይጥ ጥርስ ግን ይበሳዋል፤ አንዴ ከተበሳም ጥቅሙ ቀረ። ስለዚህ ከረጢቱም ቢሆን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ተለይቶ ይቀመጥ።

ስለ ዶሮ ቤት በአጭሩ እናልፋለን። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ባለፈበት ሁሉ ያልፋል። ዐይኑ ሰፊ የሆነው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ያግዳል እንጂ ሸለምጥማጥን ከመግባት አያግድም፤ ዐይኑ ጠባብ የሆነ ሽቦ ይመረጥ፤ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተትም አይረሳ።

አሁን ደስ የማያሰኘውን እንናገር። ጅብን ወደ መንደራችን የሚጠሩት ሰዎች እኛው ነን። በድን መንገድ ዳር ይጣላል፤ ከዶሮ እርባታ የሚወጣ የሞተ ዶሮ በየቦዩ ይፈስሳል። ይህን ለመናገር አፋችን ሙሉ እንዳይሆን የሚያደርገን ደግሞ የራሳችን የንግሥ በዓል ነው። ከበዓሉ እርድ የሚቀረው አንጀትና አጥንት ለስንት ዓመት ከቅጥሩ በስተ ጀርባ ሲጣል ኖሯል። ጅቡ መንገዱን በበዓል ተማረ፤ በጾም ያንኑ መንገድ ተከትሎ መጣ። ከአሁን በኋላ ትራፊው በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር ወስነናል፤ ጉድጓዱም ተቆፍሯል። ከዚህ ተነሥተው «ጅቡን የሚያስጠጋው የቤተ ክርስቲያኑ ደን ነው፤ ይመንጠር» የሚሉ አሉ። አንቀበለውም። ደኑ ከአባቶቻችን ጀምሮ የነበረ ነው፤ አንጀቱን ያኖርነው እኛ ነን።

በዚያው ደን ስለሚያድር ሌላ ፍጥረትም አንድ ቃል እንጨምር። ጉጉት በጣሪያ ሥር ስትጮኽ ሟርት ነው እየተባለ በድንጋይ ትባረራለች። ጉጉት በሌሊት የምታድነው በአብዛኛው አይጥን ነው፤ ድመታችንን በገዛ መርዛችን ለገደልን ለእኛ ጎረቤትነቷ ይጠቅመናል። ልጆች እንዳይወግሯት ሰንበት ትምህርት ቤቱ እንዲነግርልን ጠይቀናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለን። ጅብ፣ ቀበሮ ወይም የማይታወቅ ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ሰውየውም ሳያድር ጤና ጣቢያ ይድረስ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ጠበልም ቢሆን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፋንታ እንዳይሆን አባቶች ምእመናኑን ምከሩልን።

ለሥራው ያዘጋጀነው እንዲህ ነው። አይጥን አንድ ቤት ብቻውን ቢዘጋበት ወደ ጎረቤት ስለሚሻገር፣ በአንድ ጎጥ ያሉ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሳምንት እንዲሠሩ በደቦ ተከፋፍለናል። ጎረቤቶቻችን የእኛን ሃይማኖት የማይከተሉ ቢሆኑም ጅቡና አይጡ ያንን አይጠይቅምና በደቦው ገብተዋል። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይሠራል፤ ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ነውና። ቀጥሎ ጉልበት የሌላቸው፣ አረጋውያንና ባል የሞተባቸው እናቶች ቤት ይሆናል፤ የእነርሱን በር የሚሠራው ደቦው ነው። ሌላው እንደየጎጡ ይከተላል። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ያላችሁ እንዳትጥሉ፤ ለዕቃ ቤት ጠባቂው አስረክቡ። የተሰነጠቀውን ግድግዳ የመምረጉ ሥራ ግን ከጥምቀት በፊት አይጀመር፤ አፈሩ ደርቆ ሳይጨርስ የተመረገ ዳግመኛ ይሰነጠቃል።

ከየቤቱ በሮች የመጀመሪያው የእኒያ እናት የጋጥ በር ነው። መዝጊያው ተሠርቶ በዕቃ ቤታችን ተቀምጧል፤ የቀረን ማጠፊያው ነው። አህያ ግን እስከ አሁን አልተገዛላቸውም። ይህ ጉዳይ ከዚህ ንግግር በኋላ በሚደረገው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ሦስተኛ አጀንዳ ሆኖ ስለ ተያዘ፣ ከዚያ በፊት እንዳትበተኑ በትሕትና እንለምናለን።